ልጅ ኮሌጅ ሲገባ፤ ስለ መኪና ኢንሹራንስ አጭር ትምህርት



«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ምን አግብቶት ይጽፋል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ቤት መኪና የለም፤ ሁላችንም የምንሄደው በታክሲና በአውቶቡስ ነው። እኔም ብሆን አምና ይህን ጊዜ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂንያ ክፍለ ግዛት፣ አሌክሳንድርያ በምትባለው ከተማ የሚኖሩ አጎት አሉኝ። በእርሳቸው ቤት የደረሰው ነገር ባሕር ተሻግሮ እኛ ቤት ድረስ መጣ። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደዚያ አገር ለትምህርት የሚሄዱ፣ ወይም እንደ እኔ በዚያ ዘመድ ያላቸው ጥቂቶች ስላልሆኑ፣ የተማርሁትን ለእናንተም ማካፈል ይገባኛል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ። በመጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ እተርካለሁ፤ ቀጥሎም ትምህርቱን በየተራው አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር

አጎቴ ሁለት መኪኖች አሏቸው። አንዱ ወደ ሥራ የሚሄዱበት ነው፤ ሁለተኛው ያረጀ ቶዮታ ኮሮላ ነበር። የ19 ዓመት ልጃቸው ብላክስበርግ በምትባል ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ከአሌክሳንድርያ እስከዚያ ከ250 ማይል በላይ፣ ማለትም 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሲሄድ መኪና አልያዘም ነበርና የኢንሹራንሱ ኩባንያ «ልጅዎ ያለ መኪና ርቆ የሚማር ስለ ሆነ ዓረቦኑ በወር 38 ዶላር ይቀነስልዎታል» አላቸው። አጎቴም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። የተባለው ሁሉ እውነት ስለ ነበረ ምንም ነውር የለበትም።

በሁለተኛው ዓመት ግን ልጁ ከትምህርቱ ጎን ሥራ አገኘና «አባዬ፣ ማታ ማታ በእግሬ መመላለሱ ከበደኝ፤ አሮጌዋን መኪና ልውሰዳት» ብሎ ለመነ። እርሳቸውም ፈቀዱ። በነሐሴ መጨረሻ መኪናይቱ ወደ ብላክስበርግ ሄደች። ይህን ለኩባንያው የነገረው ሰው አልነበረም። አጎቴ «ረሳሁት» ይላሉ። ባለቤታቸው ግን «አልረሳነውም፤ ዓረቦኑ እንዳይጨምር ፈርተን ዛሬ ነገ ስንል ነው» አሉኝ። እኔ የተቀበልሁት የእርሳቸውን ነው።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ዝናብ ሲጥል ልጁ ከሥራ ሲመለስ፣ በመብራት ቆማ የነበረች መኪና ከኋላ ገጨ። እርሱ ምንም አልሆነም። በፊተኛይቱ መኪና የነበሩት ሴት ግን አንገታቸውን ታመሙ። ኩባንያው ነገሩን ሲመረምር መኪናይቱ ሦስት ወር ሙሉ በልጁ እጅ እንደ ነበረች አወቀ። ከብዙ መጻጻፍ በኋላ ለተጎዱት ሴት የሚገባቸውን ከፈለ፤ የኮሮላዋን ዋጋ ግን አልከፍልም አለ። የውሉም ዘመን ሲያልቅ አላድስም ብሎ አሰናበታቸው። ሌላ ኩባንያ ተቀበላቸው፤ ዓረቦኑ ግን ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ሆነ።

እስቲ እናስላው። በወር 38 ዶላር፣ በሦስት ወር 114 ዶላር ይሆናል። አጎቴ ሳይናገሩ በመቅረታቸው ያተረፉት ይህን ነበር። ያጡት ደግሞ 6,000 ዶላር የምታወጣ መኪናና እስከ ዛሬ የሚከፍሉት የዓረቦን ጭማሪ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለመኪናይቱ ምትክ የወጣው ገንዘብ አጎቴ ለፋሲካ ወደ አገራቸው ለመምጣት ያጠራቀሙት ነበር። አያቴ ልጃቸውን በዓይናቸው ካዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚተኛበትን ፍራሽ አስፀድተው፣ አንሶላውን አሳጥበው ይጠብቁ ነበር። ለፋሲካ የመጣው ስልክ ብቻ ነበር። እኔም ስለ ኢንሹራንስ ለማወቅ የተነሣሁት በዚያ ቀን ነው። አጎቴን ለመንኋቸውና የውሉን ገጾች በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። በመዝገበ ቃላትና በእንግሊዝኛ መምህሬ እርዳታ ሳነብ ከረምሁ። አጎቴም «እኔ ስፈርም አንዱንም ገጽ አላነበብሁትም፤ አንተ ቀደምኸኝ» አሉኝ።

ኢንሹራንስ ማለት ምንድን ነው?

ኢንሹራንስ ወይም መድን በአጭሩ የብዙ ሰዎች እድር ነው። በእድራችን ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ኀዘን የደረሰበት ከተዋጣው ይረዳል። በኢንሹራንስም እንደዚሁ ብዙ ባለ መኪናዎች ዓረቦን ይከፍላሉ፤ አደጋ የደረሰበት ከተጠራቀመው ይካሳል።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በእድር ሰዎች ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ ይተዋወቃሉ፤ መዋጮውም ለሁሉም እኩል ነው። ኩባንያው ግን አያውቀንም። ስለዚህ ይጠይቃል፤ መኪናውን የሚነዳው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? መኪናው የሚያድረው የት ነው? በዓመት ስንት ማይል ይሄዳል? ዋጋውን የሚቆርጠው ከመልሱ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ መልሱ ትክክል ካልሆነ ዋጋውም ትክክል አይሆንም፤ ውሉም ከሥሩ ይናጋል። የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይህ ነው።

በአሜሪካ ባለ መኪና ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ በመጀመሪያ ያስገደደው የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ቨርጂንያ ከኋላ ከቀሩት አንዷ ነበረች። በዚያ እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ድረስ አንድ ሰው ለመንግሥት 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይችል ነበር። ይህ መንገድ አሁን ተዘግቷል። በአገራችንም ቢሆን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለ መኪና ለሦስተኛ ወገን የሚሆን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ሦስተኛ ወገን ማለት በመኪናችን አደጋ የሚጎዳው ሌላው ሰው ነው።

የውሉ ክፍሎች

አንድ የአሜሪካ የመኪና ውል ሲገለጥ በመጀመሪያ የሚታየው ገጽ የመኪናዎቹን ዓይነት፣ የነጂዎቹን ስምና የክፍያውን ልክ በዝርዝር የያዘ ነው። አጎቴ ይህን አንድ ገጽ እንኳ በየስድስት ወሩ ቢያነቡት ኖሮ ስሕተቱን ባዩት ነበር። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ላያቢሊቲ ይባላል። እኛ በሌላ ሰው ላይ ላደረስነው ጉዳት የሚከፈል ነው። ሕግ የሚያስገድደውም ይህን ነው። ሁለተኛው ኮሊዥን ይባላል፤ የራሳችን መኪና በግጭት ሲጎዳ የሚከፈል ነው። ሦስተኛው ኮምፕሪሄንሲቭ ሲሆን ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶና ለመሳሰለው ነው።

ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ዲዳክተብል የሚሉት ነገር አላቸው። ይኸውም ከጉዳቱ ባለቤቱ በመጀመሪያ ከኪሱ የሚችለው ገንዘብ ነው። ዲዳክተብሉ 1,000 ዶላር ቢሆንና ጥገናው 2,500 ቢፈጅ፣ ባለቤቱ 1,000 ይከፍላል፤ ኩባንያው 1,500 ይጨምራል። ባለቤቱ የሚችለው ከፍ ባለ ቁጥር ዓረቦኑ ዝቅ ይላል።

ወጣት ነጂ ለምን ብዙ ይከፍላል?

ይህን ሳነብ እኔም የ18 ዓመት ልጅ ነኝና በመጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ግን ምክንያቱን አገኘሁት። በአሜሪካ በሚነዱት በእያንዳንዱ ማይል ሲሰላ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ነጂዎች ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚደርስባቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ነው። ይህ ወጣት ሁሉ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት የልምድ ማነስ ነው። ልምድ ደግሞ በመጽሐፍ አይገኝም። በርግጥ ሁሉም ክፍለ ግዛት በዚህ አይስማማም፤ ለምሳሌ በሐዋይ ዕድሜ የዓረቦን መወሰኛ እንዳይሆን ሕግ ይከለክላል።

ቤተ ሰቡ የሚወስናቸው ነገሮች

፩ኛ፤ በወላጅ ውል ወይስ ለብቻው? ልጁ ቋሚ ቤቱ የወላጆቹ ቤት እስከ ሆነ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ውል ውስጥ መቆየቱ ለብቻው ከመግባት ይረክሳል። መኪናው በልጁ ስም ከሆነ፣ ወይም ልጁ ለዘለቄታው ወጥቶ ሌላ ቤት ከያዘ ግን የራሱ ውል ያስፈልገዋል። አንዳንድ ወላጆች ወጪ ለመቀነስ የልጁን ስም ከነጂዎቹ ዝርዝር ያስወጣሉ። ይህ አደገኛ ነው። ልጁ ለገና በዓል ወደ ቤት ሲመጣ «ዳቦ ገዝተህ ና» ተብሎ ቁልፉ ይሰጠዋልና።

፪ኛ፤ መኪናው የት ያድራል? መኪናው ከቤት ቀርቶ ልጁ ርቆ ቢማር ብዙ ኩባንያዎች ይቀንሳሉ። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ማይል በላይ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ልጁ ለዕረፍት ሲመለስም ስሙ በውሉ ላይ ስላለ መንዳት ይችላል። መኪናውን ይዞ ከሄደ ግን ቅናሹ ይቀራል፤ አዲሱንም አድራሻ ለኩባንያው ማስታወቅ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። መኪና የበዛበት ትልቅ ከተማ ከትንሽ የኮሌጅ ከተማ ይልቅ ዓረቦኑ ውድ ሊሆን ይችላል። አጎቴ አድራሻውን ቢያስታውቁ ኖሮ ምናልባት ጭማሪው ከፈሩት ያነሰ ይሆን ነበር። ነገር ግን አልጠየቁም፤ ያልተጠየቀ ኩባንያም አልመለሰም።

፫ኛ፤ የትኛውን መኪና ይንዳ? ያረጀ መኪና ርካሽ ነው ተብሎ ብቻ ለልጅ አይሰጥም። መኪናው በሚያንሸራትት መንገድ መሥመር እንዳይስት የሚረዳው መሣሪያ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ እንዲኖር ሕግ አስገድዷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ይህ መሣሪያ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በሌላ በኩል ደግሞ መኪናው የሚያወጣው 3,000 ዶላር ብቻ ቢሆንና ዲዳክተብሉ 1,000 ቢሆን፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የሚገኘው 2,000 ነው። ለዚህ ሲባል ለኮሊዥን በዓመት 700 ዶላር መክፈል ተገቢ ነውን? በሦስት ዓመት ሊገኝ ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ይከፈላል። እንዲህ ሲሆን ኮሊዥኑን ትቶ ገንዘቡን ማጠራቀም ይሻላል።

፬ኛ፤ የኃላፊነቱ ልክ ምን ያህል ይሁን? ሰው የሚዘነጋው፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በቨርጂንያ ሕግ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለተሠሩ ወይም ለታደሱ ውሎች ዝቅተኛው ልክ ለአንድ ቁስለኛ 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000 ዶላር፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ብዙ ቢመስልም አይበዛም። ልጁ 45,000 ዶላር የሚያወጣ አዲስ መኪና ከጥቅም ውጪ ቢያደርግ፣ ኩባንያው 25,000 ከፍሎ እጁን ይሰበስባል። ተበዳዩ የቀረውን 20,000 ከአጥፊው፣ እንደ ነገሩም ሁኔታ ከመኪናው ባለቤት በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ልኩን ከፍ ለማድረግ የሚጨመረው ዓረቦን ከሚሰጠው ጥበቃ ጋር ሲመዛዘን አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቤትና ጥሪት ያለው ወላጅ መቀነስ ቢፈልግ ከዲዳክተብሉ በኩል ይቀንስ እንጂ ከኃላፊነቱ ልክ አይቀንስ። በዲዳክተብል የሚጎድለው የታወቀ ነው፤ በኃላፊነት የሚመጣው ግን ልኩ አይታወቅም።

፭ኛ፤ በትምህርት ውጤት የሚገኝ ቅናሽ። የትምህርት ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉ። ብዙ ኩባንያዎች አማካይ ውጤቱ «ቢ» ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ሙሉ ቀን ለሚማር ወጣት ነጂ ይቀንሳሉ፤ ብዙውን ጊዜም እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ድረስ ነው። ቅናሹ ግን በራሱ አይመጣም፤ የውጤት ወረቀቱን መላክ ያስፈልጋል።

፮ኛ፤ መኪና ማዋስና በመኪና ገንዘብ ማግኘት። ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከተለው መኪናውን ነው። ልጁ ቁልፉን ለጓደኛው ቢሰጥና ጓደኛው ቢጋጭ፣ ጣጣው የሚያርፈው በወላጆቹ ውል ላይ ነው። እንደዚሁም ብዙ ተማሪዎች ለኪስ ገንዘብ ሲሉ በመኪናቸው ምግብ ያመላልሳሉ። ተራ የቤተ ሰብ ውል እንዲህ ላለው የክፍያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኩባንያውን መጠየቅና ተጨማሪ ውል መግባት ያሻል።

ውሳኔው የማን ነው?

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በአማርኛ በሁለት ገጽ አሳጥሬ ለአጎቴ ላክሁላቸው። እርሳቸውም ለባለቤታቸውና ለልጃቸው አነበቡላቸው። የአጎቴ ልጅ በስልክ «ዓረቦን ስንት እንደ ሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ አባዬም ነግረውኝ አያውቁም» አለኝ። እውነቱን ነው። ብዙ ወላጆች ልጁን ከጭንቀት ለማዳን ሲሉ ወጪውን ይደብቁታል። ልጁ ግን የማያውቀውን ነገር ሊጠነቀቅለት አይችልም። መኪናውን ይዞ ሲሄድ «ለኩባንያው ነግረናል ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያ ይቀር ነበር።

አሁን በእነርሱ ቤት አንድ ሥርዓት ገብቷል። ውሉ በየስድስት ወሩ ሲታደስ ሦስቱም አብረው የመጀመሪያውን ገጽ ያነባሉ። መኪናው፣ ነጂው፣ አድራሻው ወይም ሥራው ከተለወጠ ለኩባንያው ደውሎ የሚያስታውቀው ልጁ ነው። ከሥራው ከሚያገኘው የዓረቦኑን ሲሶ ይከፍላል። የውጤት ወረቀቱንም እርሱ ራሱ ይልካል።

ለአያቴ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ለመሆኑ እውነቱን ቢነግራቸው ኖሮ ስንት ያስጨምሩት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። የቀድሞው ቅናሽ ቢነሣ ሠላሳ ስምንት ዶላር መሆኑን ነገርኋቸው። በብር ስንት እንደሚሆን አሰላሁላቸው። ጥቂት አስበው «ብዙ ገንዘብ ነው። ግን ልጄን አይበልጥም ነበር» አሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ሲወሰን «በዚህ ወር ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። «አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ ከቤቴ ምን ይወስድብኛል?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ለዚህም የሚያበቃው ውሉን ማንበብ፣ የተለወጠውን በጊዜው ማስታወቅና ልጁን የውሳኔው ተካፋይ ማድረግ ነው። አጎቴ ለሚመጣው ፋሲካ እንደ ገና ማጠራቀም ጀምረዋል። ይመጡ እንደ ሆነ ገና አናውቅም። አያቴ ግን ፍራሹን ከቦታው አላነሡትም።